አንድ ስንዝር

«ዛሬም ሞተ» አለች በስልክ፤ «ቀኑን ሙሉ ደህና ውሎ
ልክ ሲመሽ ድርግም አለ፣ እንደ ሰው አኩርፎ፣ ዝሎ።»
ሦስተኛ ጉዞዬ ነው። መሰላሌን ጣሪያ ላይ ጭኜ
በአይፈል ጭጋግ ውስጥ ነዳሁ፣ በገዛ ሥራዬ አፍሬ፣ አዝኜ።

አባቴ ዘርጋው ሲለኝ ርስቱን ነበር ያሰበው፤
እኔ በሰው አገር ጣሪያ የገመድ ጫፍ ነው የምስበው።
ስሜን እንደ ትእዛዝ ሰምቼ
ዕድሜዬን መረብ ዘረጋሁ፣ ሽቦ ቋጥሬ፣ ሽቦ ፈትቼ።

ግቢው ሁለት ቤት ነው፤ የድንጋዩ የአባቷ፣
ማዶ፣ በረት የነበረው ደግሞ የአልሙት፣ የሥራም የመኝታም ቤቷ።
በመሃል ሠላሳ እርምጃ፤ ሣር፣ አንድ የፖም ዛፍ፣ ጭቃ።
ሠላሳ እርምጃ ለሬዲዮ ሞገድ ምንድን ናት? እፍ ማለት፣ በቃ።

አንዱ ሳጥን ኮሪደሩ ላይ፣ አንዱ በሽማግሌው መስኮት ደፍ፣
አንዱ እሷ ዘንድ፣ ከመደርደሪያው ጫፍ፣ እንዳንቀላፋ ነጭ ወፍ።
ሲግባቡ አረንጓዴ፣ ሲኳረፉ ቀይ ነው መብራታቸው፤
ይህን ሕፃን ያውቀዋል። የቸገረኝ ለምን መኳረፋቸው።
አልሙት ማታ ማታ በስክሪን ነርሶችን ጀርመንኛ ታስተምራለች፤
«እንደምን አመሻ—» ብላ፣ አፏን ከፍታ፣ ደርቃ ትቀራለች።

ነቅዬ፣ ሠላሳ ቆጥሬ፣ መልሼ ሰክቼ ጠበቅኩ፤
ሶፍትዌሩን አደስኩ፤ ቻናሉን ከአንድ ወደ ስድስት ለወጥኩ።
ስልኬን እንደ ሙሉ ጽዋ ይዤ ሣሩን በዝግታ ዞርኩ፦
ከዜሮ በታች ሃምሳ ሁለት። ሃምሳ አምስት። ሃምሳ ሦስት።
ምንም እንከን የለበትም። ሌባው የማታ ነው ማለት።

ራይንሆልት፣ ሽማግሌው፣ ከወንበሩ አልተነሣም፤
«እኔ ሞባይል እንኳ የለኝ» አለ፤ «ስለ ሞገድ አልሰማም።»
ስለ ልጁ ሳነሣበት ድንቹን ላጠ። ዝም።
ዳሌው ሲሰበር ላሞቹን የሸጠቻቸው እሷ ናት፤ ከዚያ ወዲህ አብረው አይበሉም።

ዕቃዬን ስሰበስብ ሰማዩ ደነገዘ።
ሽማግሌው አሁን ተነሣ፤ ከግድግዳው የወጣውን ጠፍር ያዘ፤
ድርርርርር — የአሉሚኒየሙ መጋረጃ ወረደ፣ ከላይ እስከ ደፍ፤
እጄ ላይ፦ ሰባ። ሰማንያ ሦስት። ዘጠና። ጭልም፣ እርፍ።

«በየማታው ይዘጉታል?»
«በየማታው።»
«ለብርዱ ነው?»
ቢላውን በሱሪው ጠረገ። «ብርድም አለ» አለ።
ቆየና፦
«በረት ውስጥ መብራት ሳይ
ላም ምጥ የያዛት ይመስለኛል።
አርባ ዓመት እንዲያ ነበር።
እነሣለሁ። ቦቲዬን እፈልጋለሁ።
በሩ ጋ ስደርስ ነው ላም እንደሌለ ትዝ የሚለኝ።»

ጡብ ስንት ሞገድ እንደሚበላ ተምሬያለሁ፤ ድንጋይ ስንት፣ እርጥብ ቅጠል ስንት፤
ለዚህ ግን ሠንጠረዥ የለኝም።
መሰርሰሪያዬ መኪናው ውስጥ ነበር፤ ግድግዳውን በስቼ፣
ሳጥኑን ውጭ ሰቅዬ መሄድ እችል ነበር፣ ሂሳቤን ተቀብዬ፣ ተሰናብቼ።
«አንድ ስንዝር» አልኩት ይልቅ፣ ጣቶቼን መስኮቱ ላይ ዘርግቼ፤
«ከታች አንድ ስንዝር ብቻ ክፍት ይተዉት። መብራቷ አይታይዎትም፤
ሣሩ ነው የሚታየው።»
የኔን እጅ አየ። የራሱን አስቀመጠበት። የሱ ስንዝር
ከኔ በሁለት ጣት ይሰፋል። ጠፍሩን ሳበ፣ በዚያው ልክ አቆመው።
አረንጓዴ።

ቅጹ ላይ «የብልሽቱ ምክንያት» የሚል ባዶ መስመር አለ፤
«መጋረጃ» ብዬ ፈረምኩ። ሌላውን ወረቀቱ መች ቻለ።
ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። በኛ ሙያ ዝምታ ምስጋና ነው፤
እኔ ግን አንዳንድ ማታ፣ ሌላ መንደር፣ ሌላ መሰላል ላይ ሆኜ
የማስበው የቀረውን ስንዝር ነው፤
ሣሩ ላይ የተኛችውን ቀጭን ብርሃን
ከወንበሩ ሆኖ ሲያያት
ቦቲውን ይፈልግ ይሆን?